ደም ውስጥ ያለችው ባላ፦ ስለ ፀረ እንግዳ አካላት ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱንን ደብዳቤዎች ዘርግተን ስናያቸው፣ አንዱ ስለ ሾተላይ፣ አንዱ ስለ ታይፎይድ፣ ሌላው ስለ እብድ ውሻ የሚጠይቅ ቢመስልም ብዙዎቹ የሚወርዱት አንድ ቦታ ላይ ነው። መጽሐፍ «ፀረ እንግዳ አካል»፣ ክሊኒክ ደግሞ «አንቲቦዲ» የሚለው ነገር ላይ። ስለዚህ አንድ ላይ መለስንላቸው። እኛም አጠር ስለሚል አንቲቦዲ እንላለን።

«መምህራችን አንቲቦዲን እንደ እንግሊዝኛው ‹ዋይ› ፊደል አድርገው ሣሉልን። ከምን ቢሠራ ነው እንደዚያ የሚሆነው? ደግሞስ የጀርም ዓይነት ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሰውነታችን ለሁሉም የሚሆን አንቲቦዲ ከየት ያመጣል?» የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከፋሲሎ

ሥዕሉ ልክ ነው፤ ከፈረንጅ ፊደል ይልቅ ግን ባላ ብትይው ይቀርብሻል። ባላ ግንዱ ይተከላል፣ ሁለቱ ክንዶቹ ደግሞ አግዳሚውን ይሸከማሉ። አንቲቦዲም እንዲሁ ነው። ክንዶቹ ጀርሙን ይይዛሉ፤ ግንዱ የተያዘውን ጀርም የሚበሉና የሚያፈርሱ ሴሎችን ይጠራል። ሥራው ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ከያዝሽ የቀረው አይከብድም።

በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አይጂጂ የሚባለው ዓይነት ነው። አራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉት። ሁለቱ «ከባድ» ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 450 አሚኖ አሲድ ይሆናሉ። ሁለቱ «ቀላል» ናቸው፤ ወደ 215 አሚኖ አሲድ። ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስራቸው የድኝ አቶሞች ድልድይ ነው። ከባዶቹ ከግንዱ እስከ ክንዱ ጫፍ ይዘልቃሉ፤ ቀላሎቹ ክንዱ ላይ ብቻ ተለጥፈው ይቀራሉ። ጠቅላላ ክብደቱ 150,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው፤ 70,000 ያህሉን ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሪ አንድ ሚሊ ሜትር ብትሞላ ነው።

የክንዱ ጫፍ ላይ ከከባዱ ሰንሰለት ሦስት፣ ከቀላሉ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ትናንሽ ቀለበቶች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ጀርሙን የሚነካው ይህ ነው። አንዱን አንቲቦዲ ለኩፍኝ፣ ሌላውን ለመንጋጋ ቆልፍ የሚያደርገው የእነዚህ ቀለበቶች ቅርጽና የኤሌክትሪክ ሙላት ነው። አንድ አንቲቦዲ ጀርሙን በሙሉ አይዝም፤ ከላዩ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የሚያህል ቦታ መርጦ ነው የሚይዘው። ያ ቦታ ጀርሙ ሲለዋወጥ ከተለወጠ መያዣው ይስታል። በየዓመቱ አዲስ የጉንፋን ክትባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ክንዶቹና ግንዱ የሚገናኙበት ቦታ እንደ በር ማጠፊያ ይተጣጠፋል፤ ክንዶቹ እንደ ነገሩ ሁኔታ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር የባላውን አሠራር ያወቀው፣ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ተከምሮ በሚታየው በፓፓያ ነው ማለት ይቻላል። ከፓፓያ ወተት የሚወጣው ፓፓይን የተባለው ኢንዛይም አንቲቦዲን ልክ ማጠፊያው ላይ ይቆርጠዋል። በ1959 ሲቆርጠው ሦስት ቁራጭ ወጣለት፤ ሁለቱ መያዝ የሚችሉ፣ አንዱ መያዝ የማይችል። ከአሜሪካዊው ጄራልድ ኤደልማን ጋር በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ጉዳይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ። ሰው ያለው ጂን ወደ 20,000 ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጀርም አንድ ጂን ይኑር ቢባል አይበቃም። ስለዚህ ሰውነት የሚያደርገው እንደ ሸማኔ ነው፤ ጥቂት ቀለም ክር ይዞ ብዙ ጥለት ያወጣል። ለከባዱ ሰንሰለት 40 ገደማ፣ 23 እና 6 የጂን ቁርጥራጮች በሦስት ክምር ተቀምጠዋል። ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በአጥንት መቅኒ ውስጥ ሲያድግ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሣና ይቀጥላቸዋል፤ 40 ሲባዛ በ23፣ ሲባዛ በ6፣ 5,520 ይሆናል። ለቀላሉ ሰንሰለት ደግሞ 320 ያህል አማራጭ አለ። ሁለቱ ሲባዙ ወደ 1.8 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ቁርጥራጮቹ በሚገጠሙበት ቦታ ሴሉ በዘፈቀደ የዲኤንኤ ፊደል ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ፣ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያገኘው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ በ1987 ተሸልሞበታል።

እንግዲህ ሰውነት ጀርሙን ሲያይ አዲስ አንቲቦዲ አይፈለስፍም። ቀድሞ በዘፈቀደ ከተሠሩት ሚሊዮኖች መካከል የሚገጥመውን የተሸከመ ሴል ይፈለግና እሱ ይራባል። ጉሮሮሽን ሲያምሽ መንጋጋሽ ሥር የሚወጣው ንፍፊት ይህ ርቢ የሚካሄድበት ቦታ ነው። እዚያው የክንዱን ጫፍ እየነካካ፣ ይበልጥ የሚይዘውን እያስቀረ ያሻሽላል። አድጎ የጨረሰ አንድ ሴል በሰከንድ ወደ 2,000 አንቲቦዲ ይረጫል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ጀርም ግን ይህ ሁሉ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ የምንታመመው በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፤ ለሚቀጥሉት መልሶች ያስፈልገናል። ክንዱ አንድ ዓይነት ሆኖ ግንዱ ሊለያይ ይችላል፤ አምስት ዓይነት ግንድ አለ። መጀመሪያ የሚደርሰው አይጂኤም አምስት ባላ በአንድ ላይ ታስሮ አሥር መያዣ ያለው ግዙፍ ነው። ከዚያ የሚተካው አይጂጂ ነጠላ ባላ ነው፣ ደም ውስጥ ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ ግማሹ ለመጥፋት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። አይጂኤ በእንባ፣ በምራቅ፣ በአንጀትና በጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። አይጂኢ ትላትልንና አለርጂን የሚመለከት ነው። አይጂዲ አብዛኛውን ጊዜ ቢ ሴሉ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልገንም።

«የደም ዓይነቴ ኦ ኔጌቲቭ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ወለድሁ። ሁለተኛው ግን በተወለደ በማግሥቱ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሰነበትን። ሰፈር ውስጥ ‹ሾተላይ አለባት› ይሉኛል። ሾተላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ለምን አልነካውም? አሁን ሦስተኛ አርግዣለሁ፣ አራተኛ ወሬ ነው።» እናት፣ ከሽምብጥ

በሰላም ያገላግልዎ። የመጀመሪያው ልጅ ለምን ተረፈ የሚለው ጥያቄዎ የነገሩን ሥር የሚነካ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

ኔጌቲቭ ማለት በቀይ የደም ሴልዎ ላይ «ዲ» የሚባለው ፕሮቲን የለም ማለት ነው። ልጁ ከአባቱ ወስዶ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን የእሱ ሴል ላይ አለ። በእርግዝና ወቅት የሁለታችሁ ደም እንደ ልብ አይቀላቀልም፤ ብዙውን ጊዜ የልጁ ደም ወደ እርስዎ የሚገባው በምጥና የእንግዴ ልጁ በሚላቀቅበት ሰዓት ነው። ያኔ ሰውነትዎ «ዲ»ን እንደ እንግዳ ያይና አንቲቦዲ መሥራት ይጀምራል። ልጁ ግን ተወልዶ ወጥቷል። የመጀመሪያው የተረፈው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው አይጂኤም የእንግዴ ልጁን አያልፍም። ሰዎች «ትልቅ ስለሆነ» ይላሉ፤ የተሟላው መልስ ግን የእንግዴ ልጁ ላይ አንቲቦዲ እየያዘ የሚያሻግር ተሸካሚ መኖሩና ያ ተሸካሚ የሚያውቀው የአይጂጂን ግንድ ብቻ መሆኑ ነው። በሁለተኛው እርግዝና ጥቂት የልጁ ደም ጠብ ሲል፣ ሰውነትዎ ከበፊቱ አስታውሶ በፍጥነትና በብዛት አይጂጂ ይሠራል፤ ያ ይሻገራል፤ የልጁን ቀይ ሴሎች ይይዛል፤ የልጁ ጣፊያም ‹የተያዘ ነው› ብሎ ይሰባብራቸዋል። ቢጫነቱ ከዚያ ስብርባሪ የመጣ ነው። ልጁን ከኩፍኝ የሚጠብቀው የእናት አንቲቦዲም የሚሻገረው በዚሁ ተሸካሚ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ፀረ ዲ መርፌ (ተሠርቶ ያለቀ የ«ዲ» አንቲቦዲ) ከመወጋትዎ በፊት «ኢንዳይሬክት ኩምብስ» የሚባል ምርመራ ይጠይቁ። ደምዎ ውስጥ ፀረ ዲ አንቲቦዲ አስቀድሞ መኖር አለመኖሩን ያያል። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌው ይሠራልዎታል፦ 300 ማይክሮ ግራም በ28ኛው ሳምንት፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ 300። ይህ መጠን 30 ሚሊ ሊትር ያህል የልጅ ደምን ያጣራል፤ ሰውነትዎ ሳያየው ያስወግደዋል። 72 ሰዓቱ ካመለጠ «አለፈ» ተብሎ አይተውም፤ እስከ 10 ቀን ድረስም ቢሆን ከመቅረቱ ይሻላል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን መርፌው አይጠቅምም፤ ሰውነትዎ አንዴ መሥራቱን ተምሯል። ያኔ የሚያስፈልገው ክትትል ነው። የአንቲቦዲው መጠን 1፡16 ሲደርስ ብዙ ላቦራቶሪ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስደዋል፤ ቀድሞ የተጎዳ ልጅ ካለ ግን ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም፣ የልጁ የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። መውለጃዎም የብርሃን ሕክምናና ደም የመቀየር አገልግሎት ያለበት ሆስፒታል ይሁን።

ብዙ እናቶች የሚዘነጉት ፅንስ ሲወርድ መርፌውን መወጋት ነው። በሁለት ወርም ቢሆን ፅንስ ከወረደ፣ ከማሕፀን ውጭ ካረገዙ፣ ወይም ሆድዎን ከተመቱ መርፌው ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ሰፈሩ የሚለውን ሁሉ አይቀበሉ። ሕዝቡ ሾተላይ የሚለው ልጅ የሚሞትባትን እናት ሁሉ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ የደም አለመጣጣም ያለባቸው የተወሰኑት ናቸው፤ ያልታከመ ቂጥኝም ፅንስ ይገድላል። በተጨማሪም እርስዎ ኦ ነዎት፤ ልጁ ኤ ወይም ቢ ሆኖ ከሆነ ያ ብቻውን በማግሥቱ ሊያስብጨው ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም ቀላል ነው። የሁለተኛው ልጅ የደም ዓይነት ከሕክምና ካርዱ ላይ ይታይ።

«በየሦስት ወሩ ታይፎይድ ይገኝብኛል። ራስ ምታትና ድካም ሲሰማኝ ክሊኒክ እሄዳለሁ፤ ደሜ ይታያል፤ ‹ታይፎይድ 1፡160› ይባላል፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። ታይፎይድ የማይለቀኝ ለምንድን ነው?» የባጃጅ ሹፌር፣ ከባሕር ዳር

ሊሆን የሚችለው፣ ከመጀመሪያውም ታይፎይድ አልነበረብዎትም። ወይም ከዓመታት በፊት አንዴ ነበረብዎትና ሰውነትዎ አልረሳውም።

የተደረገልዎ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ፈረንሳዊው ዊዳል በ1896 ያወጣው ነው። ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ ባክቴሪያውን የሚይዝ አንቲቦዲ ደምዎ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። አሠራሩን ቀረብ ብለው ቢያዩት ችግሩ ራሱ ይነግርዎታል። ባለሙያው ከደምዎ ላይ ቀዩን አጣርቶ ሴረሙን ይወስዳል፤ ስላይድ ላይ ጠብ ያደርገዋል። ከጎኑ አንድ ጠብታ የሞተ ባክቴሪያ የያዘ ቀለም ይጨምራል፤ ቀላቅሎ አንድ ደቂቃ ያዟዙራል። የባላው ሁለት ክንዶች ሁለት ባክቴሪያ ስለሚይዙ፣ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ እንደ ተቋጠረ ወተት ጉብ ጉብ ይላል።

መጠኑን ለማወቅ ሴረሙ እየተቀነሰ ይደገማል፦ 80 ማይክሮ ሊትር 1፡20 ይባላል፣ 40 ሲሆን 1፡40፣ 20 ሲሆን 1፡80፣ 10 ሲሆን 1፡160፣ 5 ሲሆን 1፡320። ሥራ ሲበዛ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው። አንድ ጠብታ ብቻ ተጥሎ የተቋጠረ ሁሉ «ፖዘቲቭ» ሲባል፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በዓይን የተገመተ ይሆናል። ስላይዱ ከአንድ ደቂቃ አልፎ ከተነበበም ሲደርቅ የተቋጠረ ይመስላል።

በትክክል ቢሠራ እንኳ ሌላ ችግር አለው። የ«ኦ» አንቲቦዲ (የባክቴሪያውን ገላ የሚይዘው) ከትኩሳቱ 6ኛ እስከ 8ኛ ቀን፣ የ«ኤች» (ጭራውን የሚይዘው) ደግሞ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ቀን ገደማ ነው የሚታየው። ስለዚህ በሦስተኛ ቀን የሄደ እውነተኛ ታማሚ «ነጻ ነህ» ሊባል ይችላል። ከዳኑ በኋላ ደግሞ የ«ኤች» አንቲቦዲ ለዓመታት ይቀመጣል። የሌሎች ሳልሞኔላዎች (የታይፎይድ ባክቴሪያ ዘመዶች) አንቲቦዲም፣ በወባ የተነሣሣ ደምም ያስቋጥራል። ታይፎይድ ባለበት አገር የሚኖር ጤነኛ ሰው 1፡80 ወይም 1፡160 ቢገኝበት አይገርምም። ሌላ ክሊኒክ «ታይፈስ» ብሎ የሚሰጠው የዌይል ፌሊክስ ውጤትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

ትርጉም ያለው ዊዳል ሁለቴ የሚሠራ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ቁጥሩም አራት እጥፍ ሲጨምር፣ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320። ከዚያ የሚሻለው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት። እውነተኛ ታይፎይድ ደግሞ በራስ ምታትና በድካም ብቻ አይመጣም፤ ቀን በቀን ደረጃ እየወጣ የሚሄድ፣ የማይለቅ ትኩሳት አለው። ትኩሳት ሳይኖርዎት ሲደክምዎት ደም ማነስዎን፣ ስኳርዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ እንቅልፍዎን ያስመርምሩ። በየሦስት ወሩ የሚዋጠው መድኃኒት እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ የማይበገር ባክቴሪያ እንዲጠብቅዎ ያደርጋል።

«ሐይቅ ውስጥ ቆሜ መረብ እጥላለሁ። ባለፈው ዓመት የቢልሃርዚያ መድኃኒት ወስጄ ነበር፤ ዘንድሮ በደም ሲታይ ‹አሁንም አለብህ› ተባልሁ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?» ዓሣ አስጋሪ፣ ከዘጌ

ከደም የታየው አንቲቦዲ ከሆነ መልሱ ምንም አይነግርዎትም፤ ትሎቹ ከሞቱ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። በጣና ያለው ዓይነት ትል የሚኖረው በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ነውና እንቁላሉ የሚፈለገው በሰገራ ነው። ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ ስላይድ ላይ ይዘጋጃል፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን ይሰጣል። ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ መስጠቱ ይሻላል፤ አንዱ ቀን ላይ ሊያመልጥ ይችላልና።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 600ው አራት ፍሬ ማለት ነው፤ ከምግብ ጋር። ያልጎለመሰውን ትል ግን አይገድልም። ከውሃው ሳይወጡ የዋጠ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንደገና መታየት ያለበት ለዚህ ነው። እርስዎም በየቀኑ ውሃ ውስጥ ስለሆኑ፣ ዘንድሮ እንቁላል ቢገኝብዎት አዲስ የገባ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱን አይውቀሱት።

አንቲቦዲው ትሉን ለምን አልገደለውም ላሉን፦ ትሉ የሰው ፕሮቲን ከላዩ ለብሶ ይሸሸጋል። አይጂኢ የሚሻለው ገና ቆዳ ሰርስሮ በሚገባው ግልገል ትል ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ዓመት ውሃ የለመደ ሰው ላይ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጥበቃ ነው።

«እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት የመጀመሪያውን ወተት አልቤ ደፍቼ፣ ቅቤ አቅምሼ ነው። የልጄ ሚስት አሁን ‹እንገሩን ይጥባ› ትለኛለች። ማን ልክ ነው?» አያት፣ ከመሸንቲ

እናታችን፣ ምራትዎ ልክ ናት። ለመሆኑ ላም ስትወልድ እንገሩን ለጥጃው ይነፍጉታል? የላም የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ስለማያሳልፍ ጥጃ ባዶ ደም ይዞ ይወለዳል። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ካላገኘ ችግር ይገጥመዋል፤ በ24 ሰዓት አንጀቱ ይዘጋል። የሰው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ በደሙ ያለውን አይጂጂ ከማሕፀን ይዞት ይመጣል፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። እንገሩ የሚሰጠው ሌላውን ነው፦ አይጂኤን። ሁለት ባላ ግንድ ለግንድ ተጋጥሞ፣ የጨጓራ ኢንዛይም እንዳይፈጨው ተጠቅልሎ የሚመጣ ነው። ወደ ደም አይገባም፤ አንጀቱን ለብሶ ተቅማጥ አምጪውን ይይዛል። ወፍራም የሆነው በዚህ ስለሞላ፣ ቢጫ የሆነው ደግሞ ካሮቲን በሚባለው ቀለም ነው እንጂ ስለ ተበላሸ አይደለም። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ቅቤው ደግሞ ትን ሊለው ይችላል፤ ገና ባዶ የሆነ አንጀቱ ላይም ጀርም ያስገባበታል።

ከማሕፀን የመጣው አይጂጂ እየቀነሰ ሄዶ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ያልቃል። የኩፍኝ ክትባት 9 ወር የሚጠበቀውም ቀደም ብሎ ቢወጋ የእናቱ አንቲቦዲ ክትባቱን ይዞ ስለሚያጠፋው ነው። በ9 ወር የተከተቡ ከመቶ 85 ያህሉ ናቸው የሚጠበቁት፤ የ15 ወሩ ሁለተኛ ክትባት የቀሩትን ለመያዝ ነው። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን በኤች አይ ቪ የአንቲቦዲ ምርመራ እስከ 18 ወር ድረስ «ፖዘቲቭ» ሊል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የታየው የእናቱ አንቲቦዲ ነው። ለእሱ በ6 ሳምንት ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የዲኤንኤ ምርመራ ይደረጋል።

«ውሻ የነከሰው ልጅ ክትባት ጀመረ። ‹ሌላም መርፌ ቁስሉ ላይ ይወጋ› ተባለና ውድ ሆነብን። ክትባቱ ብቻ አይበቃም?» አባት፣ ከሐሙሲት

ደም ከፈሰሰ አይበቃም። ክትባቱ ልጁ የራሱን አንቲቦዲ እንዲሠራ ነው፤ ለዚያ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ቁስሉ ላይ የሚወጋው ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው፤ ያንን ክፍተት ይዘጋል። መጠኑ ከሰው ደም የተዘጋጀው በኪሎ እስከ 20፣ ከፈረስ የተዘጋጀው በኪሎ እስከ 40 ዩኒት ነው፤ ስለዚህ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 400 ወይም 800። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋ፤ ቂጥ ላይ ተወግቶ ቁስሉ ከቀረ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው የለም። ከክትባቱ ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀል፤ አንዱ አንዱን ያጠፋዋል። ክትባቱ ከተጀመረ 7 ቀን ካለፈ መርፌው አያስፈልግም፤ የራሱ ጀምሯል። ክትባቱ በ0፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን ክንድ ላይ ነው፤ አንዱንም አያዝልሉ።

ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ በሰዓት ይዘው ይጠቡ። ጠበል መውሰድ ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ።

«ነጭ ሽንኩርትና ማር አንቲቦዲ ይጨምራል ይባላል።» ስም ያልጻፉ

ነገሩ መጨመር አይደለም። በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ7 እስከ 16 ግራም አይጂጂ ጤነኛ ሰው ሁሉ አለው። የሚጎድለው ለመጣው ጀርም የሚገጥመው ነው፤ ያን የሚያመጣው ጀርሙ ራሱ ወይም ክትባቱ ነው። ማሩን ስለ ጣዕሙ ይብሉት።

«ወባ ይዞኝ ኮአርተም ጨርሼ ዳንሁ። በሁለት ሳምንቴ በጣት ደም የሚታየው ፈጣን ምርመራ እንደገና ሁለት መስመር አሳየ። ተመለሰብኝ?» አርሶ አደር፣ ከዘንዘልማ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወረቀቱ የእርስዎን አንቲቦዲ አይፈልግም፤ እሱ ራሱ በአንቲቦዲ የተሠራ ነው። ቀይ ቀለም የተለጠፈባቸው አንቲቦዲዎች ከደምዎ ጋር በወረቀቱ ላይ ይሳባሉ፤ የወባውን ፕሮቲን ከያዙ የመመርመሪያው መስመር ላይ ይታሰራሉ፣ ተከማችተውም ቀይ ሆነው ይታያሉ። ሌላው መስመር ቀለሙን የተሸከመውን አንቲቦዲ ራሱን የሚይዝ ነው፤ እሱ ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷል፣ ውጤቱም አይነበብም።

ፋልሲፓረም በሚባለው ብርቱ የወባ ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ፕሮቲን ተውሳኩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ይዘዋወራል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት የታየው መስመር የድሮው ቅሪት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ካለዎት በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ፊልም ይጠይቁ፤ ከሌለዎት ድጋሚ መድኃኒት አይጀምሩ። ወረቀቱ ሲሠራም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ 5 ማይክሮ ሊትር ደም፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የጠብታ ቁጥር፣ በተጻፈውም ደቂቃ ይነበብ። ረስተው ማታ ሲመለሱ ያዩት መስመር አይቆጠርም።

ተቃራኒውም አለ። ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ያጡ የፋልሲፓረም ተውሳኮች በአገራችን ተገኝተዋል፤ እሱን ብቻ የሚፈልግ ወረቀት አያያቸውም። ከመስከረም በኋላ ሐይቁ ዳር ብርድ ብርድ ብሎዎት ካንቀጠቀጠዎ፣ አንድ መስመር ብቻ ቢያሳይም የደም ፊልሙን ያሠሩ።